ማንም ያልቆለፈው ፎልደር

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጡኝ መሣሪያዎች አንድ የቀለም ብሩሽና አንድ የተማሪ ላጲስ ነበሩ። የባምባሲ ልጅ ነኝ፤ ቤተሰቦቼ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ የመጡ ናቸው። የኮምፒውተር ጥገና ሰርተፍኬቴን በላስቲክ ሸፍኜ አሶሳ ስገባ ቢያንስ መፍቻ ይሰጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አለቃዬ ጋሽ ደረጀ ሰርተፍኬቱን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ "መፍቻ ከወር በኋላ" አሉኝ።

ብሩሹ ለአቧራ ነው። የአሶሳ ቀይ አቧራ በበጋው ሲፒዩ ውስጥ ገብቶ እንደ በርበሬ ይቆለላል። ላጲሱ ለሜሞሪው ነው፤ ሜሞሪውን ነቅለህ ወርቃማውን ጠርዝ ፈግፈግ ታደርግና ትመልሰዋለህ። ሞተ የተባለ ስንት ማሽን በዚህች ላጲስ እንደተነሳ ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል። ሌላው የጋሽ ደረጀ መድኃኒት ፎርማት ነበር። በላጲስ ያልተነሳ በፎርማት ይነሳል፤ በፎርማት ያልተነሳ ወደ መጋዘን ይገባል።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ የቀበሌ ጸሐፊ ገባና "ኢንጂነር፣ የእኔ ማሽን ደረሰ?" አለ። ጋሽ ደረጀን መስሎኝ ዞር አልኩ። እኔን ነበር የሚያየው፤ በእጄ ላጲስ ይዣለሁ። "እየደረሰ ነው" አልኩት። በከተማችን ሲፒዩ የፈታ ሁሉ ኢንጂነር ይባላል፤ ማንም ዲግሪ አይጠይቅም። ማረም ነበረብኝ። ስሙ ግን ጣመኝና ዝም አልኩ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ጋሽ ደረጀን አመስግኜ ወጣሁና በገበያው አቅራቢያ የራሴን ቤት ከፈትኩ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ስታቢላይዘር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ለሥራ የምጠቀምበት አንድ ኮምፒውተር። በሩ ላይ የጻፍኩትን ማዕረግ እዚህ አልደግመውም።

የእኛ ዘመን ትልቁ በሽታ የፍላሽ ቫይረስ ነበር። ኢንተርኔት በሌለበት ቢሮ ሁሉ ሥራ የሚተላለፈው በፍላሽ ነው፤ አንዱ ፍላሽ ከቶንጎ ተነስቶ ሆሞሻ ይደርሳል። ቫይረሱ የሰውን ፎልደር ይደብቅና በቦታው የውሸት ፎልደር ያስቀምጣል። ባለቤቱ "ሥራዬ በሙሉ ጠፋ" ብሎ ላቡ እየወረደ ይመጣል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቫይረሱን ታጠፋለህ፤ ከዚያ ፎልደር ኦፕሽን ውስጥ ገብተህ የተደበቀውን ሁሉ እንዲያሳይ ታዘዋለህ። ከሥሩ ደግሞ ዊንዶውስ የራሱን የሲስተም ፋይሎች እንዲደብቅ የሚያዝ ምልክት አለ፤ እሱንም ታነሳለህ። ምልክቱን ስታነሳ ማሽኑ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ አውጥቶ እርግጠኛ መሆንህን ይጠይቃል። አዎ ትላለህ። በዚያ ሁሉ ዓመት ጽሑፉን አንድ ቀን እስከ መጨረሻው አንብቤው አላውቅም።

ሥራው ሲያልቅ ሁለቱንም ወደነበሩበት መመለስ ይገባል። እኛ ግን አንመልስም ነበር። ያው ፍላሽ በሳምንቱ ያንኑ ቫይረስ ይዞት ይመጣል፤ ምን አደከመን ብለን እንደተገለጠ እንተወዋለን። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ በከተማው ያለን ጠጋኞች ሁላችንም እንዲሁ ነበርን። ጣጣው የመጣው ግን በእኔ ነው።

ሃሩን የቶንጎ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ቤቱ አሶሳ ነው፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ዓርብ ይመጣል፣ እሁድ ይመለሳል። ሚስቱ አስያ ከእኔ ሱቅ ሦስት በር አልፎ ቶብና ሽቶ ትሸጣለች፤ ቶብ የበርታ ሴቶች የሚከናነቡት ረጅም ልብስ ነው። ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው። ቅዳሜ የገበያ ቀን ሃሩን የሱቋን ዕቃ በትከሻው ተሸክሞ ሲያልፍ፣ ነጋዴዎቹ "ዶክተር፣ ዛሬ ደግሞ ሐማል ሆንክ?" ብለው ያበሽቁት ነበር። እሱም "ክፍያዬን ማታ እቀበላለሁ" ብሎ ያስቃቸዋል። እንዲህ ያሉ ባልና ሚስት ነበሩ።

የቤታቸው ኮምፒውተር በሃሩን የቢሮ ፍላሽ ተበከለና ወደ እኔ አመጣው። አጸዳሁለት። የተደበቀውን ሁሉ ገለጥኩ። እንደ ልማዴ እንደተገለጠ መለስኩለት።

ዒድ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው አስያ በባጃጅ መጣች፤ ሲፒዩውን ጭኗ ላይ አድርጋ በቶቧ ጫፍ ሸፍናዋለች። ሰላምታዋ እንደ ወትሮው አልነበረም። ማሽኑን ሰክቼ አበራሁት። "የሃሩንን ክፈት" አለችኝ። በሃሩን ስም ገብቼ ዶክመንት የሚለውን ከፈትኩ። ከደብዳቤዎቹና ከክትባት ሪፖርቶቹ በላይ ሦስት ደብዘዝ ያሉ ፎልደሮች ተደርድረዋል። እያንዳንዳቸው ላይ ትንሽ የቁልፍ ምልክት አለ። ስማቸው ማይ ሙዚክ፣ ማይ ፒክቸርስ፣ ማይ ቪዲዮስ ይላል።

"ለዒድ ፎቶ ላሳጥብ ብዬ ከፈትኩ። ይሄን አየሁ" አለች አስያ። "ፒክቸር ፎቶ ነው አይደል? ቪዲዮም ቪዲዮ ነው። ለምን ተቆለፈ?"

ማይ ፒክቸርስን ሁለቴ ነካሁት። መግባት ተከልክሏል አለ። በሴፍ ሞድ አስነስቼ ሞከርኩ። ሌላ ተጠቃሚ ፈጥሬ ሞከርኩ። ወደ ፍላሽ ልገለብጠው ሞከርኩ። ሁሉም እምቢ አለ። አስያ ከአጠገቤ ወንበር ላይ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች። አንገቴ ሲሞቅ ይሰማኛል። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር። ይህን ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

"ኢንጂነር፣ ሃሩን ቆለፈ ወይስ ኮምፒውተር ቆለፈ?" አለችኝ።

"ኮምፒውተር በራሱ አይቆልፍም። ሰው ነው የሚቆልፈው" አልኳት።

ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። ፕሮፐርቲስ የሚለውን ከፍቼው ነበር፤ መጠኑ ዜሮ ይላል። "ይሄ ዜሮ ምንድነው? ዜሮ ባዶ ማለት አይደለም?" ብላ ጠየቀች።

አስያ አምስተኛ ክፍል ያቋረጠች፣ አማርኛም ገበያ ላይ የለመደች ሴት ናት። ከእኔ ይልቅ እሷ ትክክለኛውን ነገር አየች። እኔ ግን "ሲቆለፍ መጠኑንም አብሮ ይደብቃል" አልኳት። ይህን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። እዚያው ወንበሬ ላይ ፈጠርኩት። ከሚስቱ የሚደብቅ ሰው ሙዚቃውን ለምን ይቆልፋል ብዬ እንኳ ራሴን አልጠየቅሁም።

ለካስ በሴቶቹ መሃል ስለ ሃሩን ወሬ ነበር። ቶንጎ የተከራየበት ግቢ ባለቤት ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ አንዲት ነጋዴ ደርሳ መጥታ "ቡና አብረው ሲጠጡ አየሁ" ብላለች። አስያ ወሬውን እስከዚያ ቀን አላመነችም ነበር። ከእኔ ቤት ስትወጣ አመነች።

በመጣበት ዓርብ ጠየቀችው። መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ስቃ እንዳልመለሰችለት ሲያይ ቁልፍ የሚባል ነገር እንደማያውቅ ማለ። "እንግዲያው ክፈት" አለችው። መክፈት አቃተው። እንዲህ እንዲህ እያለ ነገሩ ከቤት ወጥቶ ሽማግሌ ዘንድ ደረሰ።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ከጁምዓ ሶላት በኋላ በአስያ አጎት በሐጂ ሙሳ ግቢ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር ነው። ከሃሩን ወገን ሁለት ትልልቅ ሰዎች መጥተዋል። ኮምፒውተሩን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠውታል፤ መብራቱ በመስኮት በኩል በተሳበ ገመድ ነው የመጣው። እኔ ደግሞ አዋቂ ተብዬ ተጠርቻለሁ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ሄድኩ። ከሽማግሌዎቹ እኩል ወንበር ሲሰጠኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህንንም አልደብቅም።

ሐጂ ሙሳ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። "ልጄ፣ እኛ ይሄን ዕቃ አናውቅም። አንተ ታውቃለህ" አሉኝ። "እኛ አንድ ነገር ብቻ እንጠይቃለን። ሰው ሳይቆልፈው ራሱ ሊቆለፍ ይችላል?"

ሃሩን ቀድሞኝ ተናገረ። "ሐጂ፣ ወላሂ አልቆለፍኩም። እስቲ እዩት፤ ቁልፍ ካለው የይለፍ ቃሉን የት ላይ ነው የማስገባው? የሚጠይቅበት ቦታ እንኳ የለውም!" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ኢንጂነር፣ አንተ ታውቃለህ። ንገራቸው።"

ዓይኑ ውስጥ ተስፋ ነበር። ያዳነኛል ብሎ ነው ያየኝ።

እኔ ለአስያ አንዴ ተናግሬያለሁ። አሁን ካላወቅሁ ያኔም አላወቅሁም ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ነው። "የይለፍ ቃል የሚጠይቅም አለ፣ የማይጠይቅም አለ" አልኩ። "ያለ ሰው እጅ ግን አይቆለፍም።"

ከሃሩን ወገን የመጡት ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፉ። አስያ በቶቧ ፊቷን ሸፈነች። ሃሩን ቁርአን አምጡና ልማል አለ፤ ሐጂ ሙሳ "ለመሐላ አትቸኩል፣ መጀመሪያ እውነቱን ለሚስትህ ንገር" አሉት። ይህን ሲሰማ ተነሳ። "ለአሥራ ሁለት ዓመት የነገርኳት ውሸት ከሆነ ኸላስ፣ አበቃ፤ ፈትቻታለሁ" ብሎ ወጣ። የአጥሩን የቀርከሃ በር እንኳ አልዘጋውም።

ሐጂ ሙሳ ያኔ ለእኔ የነገሩኝን አስታውሳለሁ፤ እምነቴ ሌላ ስለሆነ ሥርዓቱን እንደማላውቅ ገብቷቸዋል። የተፈታች ሴት ዒዳ ትቀመጣለች፤ ሦስት ወር ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ባልየው ከመለሳት አዲስ የጋብቻ ውል፣ ኒካህ፣ ሳያስፈልግ ትዳሩ እንደነበረ ይቀጥላል። "ቁጣ ይበርዳል። ጊዜ አለ" አሉኝ። አስያ ልጆቿንና ያንን ሲፒዩ ይዛ ሆሞሻ ወንድሟ ቤት ገባች። ሱቋ ተዘጋ።

ሁለት ሳምንት አላለፈም። አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ኮምፒውተሮች መጥተውለት እንድገጥም ጠራኝ። ካርቶኑን በቢላ ቀድጄ፣ ላስቲኩን ልጬ፣ ዊንዶውሱን አስነሳሁ። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ትዕግሥት አጥቶ ገና ሳልጨርስ ፍላሹን ሰካበት። ቫይረስ። እንደ ልማዴ የተደበቀውን ሁሉ ገለጥኩ። ዶክመንት የሚለውን ከፈትኩ።

ሦስት ደብዘዝ ያሉ ፎልደሮች። ሦስት ትንንሽ ቁልፎች። ማይ ሙዚክ፣ ማይ ፒክቸርስ፣ ማይ ቪዲዮስ።

ማሽኑ ከካርቶን ከወጣ አንድ ሰዓት አልሞላውም። ሰው የሚባል ፎቶ አላስቀመጠበትም። እጄን ከማውሱ ላይ አነሳሁ። ሠራተኛው "ምነው ኢንጂነር፣ ተበላሸ እንዴ?" አለኝ። "የለም፣ ደህና ነው" አልኩት።

እየሮጥኩ ወደ ሱቄ ተመለስኩ። የራሴን ኮምፒውተር፣ አራት ዓመት ሙሉ የሠራሁበትን፣ ከፈትኩ። እዚያም ነበሩ። አራት ዓመት ዓይኔ ሥር ተቀምጠው አንድ ቀን ነክቻቸው አላውቅም። በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ዝርዝሩን አስወጣሁ፤ ከማይ ፒክቸርስ ስም ጎን በቅንፍ ውስጥ የሌላ ፎልደር አድራሻ ተጽፏል። ያን ጊዜ ገባኝ። ለካ ፎልደር አይደለም። የድሮ ፕሮግራሞች በድሮው ስም ፎቶ ፍለጋ ሲመጡ ወደ አዲሱ ቦታ የሚመራቸው አመልካች ነው። ሰው እንዳይነካካው ዊንዶውስ ራሱ ከልክሎታል፤ ሰው እንዳያየውም ደብቆታል። የገለጥኩት እኔ ነኝ። ውስጡ ምንም የለም፤ ዜሮ ነው።

የሚመራውም ፒክቸርስ ወደሚለው ፎልደር ነው። የሃሩን ፒክቸርስ ደግሞ ቁልፍ የለውም፣ ተከፍቶ ነው የኖረው።

አሁን የማፍርበት ዋናው ነገር ይመጣል። አለማወቄ አንድ ነገር ነው፤ ማንም ሰው የማያውቀው ነገር አለ። እኔ ግን አወቅሁና ዝም አልኩ።

በማግስቱ ሐጂ ሙሳ ዘንድ እሄዳለሁ አልኩ። በማግስቱ መብራት ጠፋ፤ መብራት ለመናገር ያስፈልግ ይመስል እሱን ሰበብ አደረግሁ። ከዚያ የሰኞ ሥራ፣ ከዚያ የፕሪንተር ቀለም፣ ከዚያ የእናቴ ሕመም። ሦስት ወር ረጅም ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። እነሱ ራሳቸው ይታረቃሉ፣ ታርቀው ሲያበቁ ማን ቆለፈው የሚል አይኖርም እያልኩም ተመኘሁ።

ይባስ ብሎ ስሜ ገነነ። ከማንጎው ሥር የሰጠሁት ምስክርነት ከተማውን ዞረ። ሚስቶች የባሎቻቸውን፣ ባሎች የሚስቶቻቸውን ማሽን ይዘው "እስቲ የተቆለፈ ካለ እይልኝ" እያሉ መጡ። አሁን ስለማውቅ፣ ገና ሳይቀመጡ ሁለቱን ምልክቶች ወደ ቦታቸው መልሼ "ምንም የለም፣ ንጹሕ ነው" እላቸዋለሁ። እግዜር ይስጥልን ብለው ይሄዳሉ። የብዙ ሰው ቤት በዚህ ሰላም አገኘ። ለአስያና ለሃሩን ግን ያቺን ቃል አልተናገርኩም።

ወራቱ እየገፉ ሳለ የአንድ ቢሮ ፕሪንተሮች ለመጠገን ቶንጎ ሄድኩ። ከመኪና ስወርድ ሃሩንን አየሁት። ፊቱን የሚያዞር መስሎኝ ነበር፤ መጥቶ ጨበጠኝ። ከስቷል። ግድ ብሎ ምሳ ጋበዘኝ። ስለ ከብት ክትባት፣ ስለ መንገዱ አወራን። ከዚያ እጁን ሳይታጠብ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትስቅብኝ። ሰው ሳያውቀው ሊቆልፍ ይችላል? ማለቴ፣ ኪቦርዱ ላይ አንድ ቁልፍ ተሳስቼ ነክቼ ይሆን? ሌሊት እያሰብኩ ነው የማድረው። አንተ እንደዚያ ስትል የተሳሳትኩት እኔ መሆን አለብኝ።"

የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩ። ያ ንጹሕ ሰው በራሱ እጅ መጠራጠር ጀምሯል፣ እኔን ግን አልተጠራጠረም። እዚያው፣ ትሪው ላይ፣ እውነቱን ልነግረው ይገባ ነበር።

"ሊሆን ይችላል" አልኩት።

ወደ አሶሳ ስመለስ መኪናው ውስጥ ከአጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ "ታመሃል እንዴ ልጄ?" እስኪሉኝ ድረስ ፊቴ ተለዋውጦ ነበር። በማግስቱ ረቡዕ ነው፤ ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት ሐጂ ሙሳ ግቢ ገባሁ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ጫማ ያስራሉ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዜሮውንም፣ ከካርቶን የወጣውን ማሽንም፣ የሱቄንም።

የጫማውን ክር እንደያዙ አዳመጡኝ። "መቼ አወቅህ?" አሉኝ።

"እዚህ ግቢ ከተቀመጥን ሁለት ሳምንት ሳይሞላ።"

"ሁለት ሳምንት" አሉ። ክሩን ለቀቁት። "ዒዳዋ ባለፈው ሐሙስ አለቀ፣ ልጄ።"

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ስልካቸውን አውጥተው ሃሩን ጋ ደወሉና "የሚነግርህ ነገር አለው" ብለው ሰጡኝ። ስልኩ ላይ ያንኑ ደገምኩ። ቃላቱ ሁለተኛ ጊዜ ይቀላሉ ብዬ ነበር፤ አልቀለሉም። ስጨርስ ከበስተኋላው ላም ስትጮህ ይሰማኛል።

"ትናንት ምሳ ስንበላ ታውቅ ነበር?" አለኝ።

"አዎ፣ አውቅ ነበር።"

"እሺ" አለና ዘጋው።

በዚያው ቀን ከሐጂ ሙሳ ጋር ሆሞሻ ወረድን። አስያ ጓሮ ውስጥ በቆሎ ታሰጣ ነበር። ሲፒዩው ጓዳ ውስጥ ከእህል ጆንያ አጠገብ ተቀምጧል፤ ከአሶሳ ከመጣ ጀምሮ ማንም አልነካውም። ከሱቄ ይዤው የመጣሁትን ስክሪን ሰክቼ አስነሳሁት። ያንን የቁልፍ ምልክት ያለበትን አሳየኋት፣ አመልካች መሆኑን ነገርኳት፣ ከዚያ የሚመራበትን ፒክቸርስ ከፈትኩ። ፎቶዎቹ ወጡ። ሁለቱ ልጆች በዒድ ልብስ። አስያ ሱቋ በር ላይ ቆማ ስትስቅ። ሃሩን ፍየል ታቅፎ። ልጆቹ እንደገና።

"ይሄ እኮ እኔ የማየው ነው" አለች። "ይሄን ሁልጊዜ አያለሁ።"

"አዎ።"

"ሌላ የለም?"

"ሌላ የለም። ኖሮም አያውቅም።"

እጇ ላይ የበቆሎ ገለባ አለ፤ አላራገፈችውም። ሐጂ ሙሳ አዲስ ኒካህ እንደሚቻል፣ ሃሩንን ራሳቸው ሄደው እንደሚያናግሩት በበርታ ቋንቋ ነገሯት፤ ኋላ ነው የተረጎሙልኝ። ራሷን ነቀነቀች። "እሱ ማለ፣ እኔ አላመንኩም" አለች በአማርኛ፣ እኔ እንድሰማ ይመስለኛል። "አሁን በየት ዓይኔ አየዋለሁ?"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "እኔ ስጠይቅህ አላወቅክም ነበር?"

"አላወቅሁም ነበር።"

"ታዲያ ለምን ያወቅክ ሆንክ?"

ሁለቱን ምልክቶች ወደ ቦታቸው መለስኩና ማሽኑን አጠፋሁት።

ሐጂ ሙሳ ቶንጎ ድረስ ሄደው ነበር። ሃሩን በክብር ተቀብሏቸው፣ ልጆቹን በየወሩ እንደሚያይ ተናግሮ፣ ስለ ሌላው ግን "ተዉኝ" ብሏቸዋል። አስያ ሱቋን አሶሳ ውስጥ መልሳ አልከፈተችም። እኔም በሐጂ ሙሳ ግቢ፣ በዚያው ማንጎ ሥር፣ ያኔ የተቀመጡት ሁሉ ባሉበት ቆሜ ውሸቴን ተናገርኩ። በሱቄ በር ላይ የጻፍኩትን ማዕረግም በዚያው ሳምንት አጠፋሁት። ሁለቱም ነገሮች ለእነሱ ምንም አልጠቀሟቸውም።

ጡረታ የምለው ነገር ባይኖረኝም ሥራውን ከተውኩ ቆይቻለሁ። አሁን በዚህ ሙያ ላይ ላላችሁ የምለው ይህን ነው። ስትጨርሱ የገለጣችሁትን መልሳችሁ ደብቁ። ማሽኑ ያላችሁን እንዳለ ለደንበኛው ንገሩት፤ ማን እንዳደረገው ካላያችሁ አላየሁም በሉ። መሳሳታችሁን ያወቃችሁ ዕለት ደግሞ በዚያው ዕለት ሂዱና ተናገሩ። እኔ የደረስኩት ዒዳው ካለቀ ከስድስት ቀን በኋላ ነው።